የሚቆመው ሲላላ ነው

አንድ ሌሊት አልሆነለትም። ሰውየው አርባዎቹን አጋምሷል፣ ከሚስቱ ጋር አሥራ ምናምን ዓመት ኖሯል፣ እንዲህ ያለ ነገር ገጥሞት አያውቅም። «ደክሞኝ ነው» ብሎ ወደ ግድግዳው ዞረ። እሷም «ምንም አይደል፣ ተኛ» አለችው። መብራት ጠፋ። ግን ማናቸውም አልተኙም። እሱ በሆዱ «አለቀልኝ» ይላል። እሷ በሆዷ «ወይ አስጠልቼዋለሁ፣ ወይ ሌላ ይዟል» ትላለች። በሚቀጥለው ሳምንት እሱ እንዳይደገምበት ፈርቶ ስልኩን ይዞ ሳሎን ያመሻል፣ እሷ እስክትተኛ ድረስ። እሷ ይሄን ስታይ ጥርጣሬዋ እውነት ይሆንባታል። ሦስት ወር ሲሞላ መሳሳምም ቀረ። መሳሳም ወደዚያ ነገር ይወስዳላ!

የማን ታሪክ ነው አትበሉኝ፣ የስንቱ ቤት ነው። እኔን የሚገርመኝ ሁለቱም ምክንያት ሲፈልጉ ሰውነቱን አለመጠየቃቸው ነው። እሱ እርጅና አለ፣ እሷ ውሽማ አለች፣ መሃል ላይ ያለው ሥጋና ደም ተረሳ። ስለዚህ መጀመሪያ ነገርየው፣ የወንድ ብልት መቆም ማለቴ ነው፣ እንዴት እንደሚሠራ እንይ። ይሄን ያወቀ ሰው ግማሹ ፍርሃት ይለቀዋል ብዬ አምናለሁ።

የወንድ ብልት ውስጥ አጥንት የለም። እንደ ክንድ «ተነሳ» ሲሉት የሚነሳ ጡንቻም የለውም። ያለው ጎን ለጎን የተኙ፣ እንደ ስፖንጅ ቀዳዳ ቀዳዳ የበዛባቸው ሁለት ረዣዥም ቱቦዎች ናቸው። የስፖንጁ ግድግዳ ጡንቻ ነው፣ ግን እኛ የማናዘው ዓይነት፣ እንደ አንጀት ጡንቻ በራሱ የሚሠራ። ይሄ ጡንቻ ቀኑን ሙሉ ተጨብጦ ነው የሚውለው። ስለተጨበጠ ደም እንደ ልቡ አይገባም። ብልት ተኝቶ የሚውለው ጡንቻው ስለላላ ይመስለን ነበር አይደል? የተገላቢጦሽ ነው፤ ተኝቶ የሚውለው ጡንቻው ስለተጨበጠ ነው።

ስሜት ሲነሳ፣ በማየት ይሁን በመነካት ወይ በማሰብ፣ ከአከርካሪ የታችኛው ጫፍ የሚወጡ ነርቮች ናይትሪክ ኦክሳይድ የሚባል ጋዝ ይለቃሉ። ጋዙ ሲጂኤምፒ የሚባል ሌላ ንጥረ ነገር እንዲሠራ ያደርጋል። ሲጂኤምፒ ደግሞ የተጨበጠውን ጡንቻ ያላላዋል። ጡንቻው ሲላላ ደም ይጎርፋል፣ ስፖንጁ ይሞላል፣ ሲሞላ ደም የሚያስወጡትን ቀጫጭን ሥሮች ከውጪ ካለው ጠንካራ ሽፋን ጋር አጣብቆ ይዘጋቸዋል። የገባው ደም መውጫ ያጣል። ቆመ የምንለው ይሄንን ነው። ናይትሪክ ኦክሳይድ በሰውነታችን ውስጥ መልእክተኛ ሆኖ እንደሚሠራ ያሳዩት ሦስት አሜሪካውያን፣ ፈርችጎት፣ ኢግናሮና ሙራድ፣ በ1998 የኖቤል ሽልማት ወስደውበታል። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ይሄ ወሬ ብቻ እንዳይመስላችሁ አንድ ጉድ ልንገራችሁ። በ1983 ጋይልስ ብሪንድሊ የሚባል እንግሊዛዊ ተመራማሪ ላስ ቬጋስ በተደረገ የዩሮሎጂ (የሽንት ቧንቧና የወንድ ብልት ሕክምና) ሐኪሞች ጉባኤ ላይ ንግግር ያደርጋል። ከንግግሩ በፊት ጡንቻ የሚያላላ መድኃኒት ብልቱ ላይ በመርፌ ወግቶ ነበር የመጣው። ንግግር ማድረግ ደግሞ ማንንም ሰው ስሜት ውስጥ አይከትም፣ ይሄ ያስማማናል ብሎ፣ በተሰበሰበው ሰው ፊት ሱሪውን ዝቅ አደረገ። ቆሟል። ለባለሙያ ጉባኤ የማይሆን ነገር ነው፣ ሚስቶቻቸውን ይዘው የመጡም ነበሩ ይባላል፣ ግን ነጥቡን ማንም አልረሳውም። ጡንቻው ከላላ ይቆማል። አለቀ።

እንግዲህ የእኛን ቋንቋ ተመልከቱ። ችግሩን «ስንፈተ ወሲብ» ነው የምንለው። ስንፈት! ሰነፍ ተማሪ ሲገጥመን «ጠንክር» እንላለን፣ ሰነፍ ሠራተኛን «ተንቀሳቀስ» እንላለን። ወንዱም ቃሉን እንደሰማው ያደርጋል፤ ይጥራል፣ ጥርሱን ይነክሳል፣ ራሱን ይቆጣል። ሰውነቱ የሚጠብቀው ደግሞ የዚህን ተቃራኒ ነው። እንቅልፍን በግድ ለማምጣት የታገለ ሰው ያውቀዋል፣ በታገልክ ቁጥር ዓይንህ ይፈጣል።

ለምን ቢባል አድሬናሊን አለ። አድሬናሊን የአደጋ ጊዜ ኬሚካል ነው። አውሬ ሲያባርርህ ልብህ ይመታል፣ ደም ወደ እግርህ ይሮጣል፣ ለጊዜው የማያስፈልጉ ቦታዎች ላይ ያሉት የደም ሥሮች ይጨበጣሉ። አውሬ እያባረረህ ብልት ምን ያደርግልሃል? ችግሩ ሰውነት አውሬን ከሐሳብ አይለይም። «ዛሬስ ይሳካልኝ ይሆን?» የሚለው ሐሳብ ራሱ አደጋ ነው የሚመስለው። አድሬናሊን ይለቀቃል፣ ጡንቻው ይጨበጣል፣ ሳይሳካ ይቀራል፣ በሚቀጥለው ጊዜ ፍርሃቱ እጥፍ ይሆናል። በዚህ ሥራ ስማቸው የሚነሳው አሜሪካውያኑ ዊልያም ማስተርስና ቨርጂኒያ ጆንሰን በ1970 አካባቢ ይሄን ሁኔታ ከተመልካች ጋር አመሳስለውታል። ሰውየው አልጋው ላይ ከሚስቱ ጋር መሆኑን ትቶ፣ ጣራ ላይ ቁጭ ብሎ ራሱን የሚያይ ዳኛ ይሆናል። ቆመ? አልቆመም? ላላ? ዳኛ ሆኖ ደግሞ ማን ይሞቀዋል።

የራስህን ሁኔታ ለማወቅ አንድ ቀላል ጥያቄ አለ። ጠዋት ጠዋትስ?

ጤነኛ ወንድ ሌሊት ከሦስት እስከ አምስት ጊዜ ይቆምበታል፣ እያንዳንዱ ግማሽ ሰዓት ያህል ይቆያል፣ ሕልም በሚታይበት የእንቅልፍ ክፍል ላይ ነው የሚበዛው። ጠዋት የምታገኘው የመጨረሻውን ነው። ሽንት ስለሞላ ነው የሚባለው አይደለም፤ ሕልምህም የግድ የዚያ ዓይነት መሆን የለበትም። ድሮ ሐኪሞች ይሄን የሚፈትሹት በፖስታ ቴምብር ነበር፣ እውነቴን ነው፣ ማታ ዙሪያውን ይለጠፍና ጠዋት ተቀዶ ከተገኘ ሌሊት ቆሟል ማለት ነው። እንግዲህ ጠዋት ጠዋት ደህና ሆኖ ከሚስትህ ጋር ስትሆን ብቻ እምቢ ካለ፣ ነርቩም ደም ሥሩም በአብዛኛው ሥራ ላይ ነው፣ የጨበጠህ ሐሳብ ነው። ችግሩ ድንገት የመጣ ከሆነም፣ ከአንድ ነገር በኋላ፣ ከጠብ ወይ ከሥራ ማጣት ወይ ከዚያች ከመጀመሪያዋ ሌሊት ወዲህ፣ ወደዚያው ያጋድላል። ቀስ በቀስ ከዓመት ወደ ዓመት እየቀነሰ መጥቶ የጠዋቱም ከጠፋ ግን ሰውነትህ አንድ ነገር እየነገረህ ነው። ብዙ ጊዜ ሁለቱም ተደባልቀው ነው የሚገኙት። ሰውነት ትንሽ ይደክማል፣ ፍርሃት ደግሞ ላዩ ላይ ይቆለላል።

እዚህ ጋ ቆም ልበል፣ ምክንያቱም ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ ይሄንን ብትይዙት ይሻለኛል። ወደ ብልት ደም የሚወስዱት ደም ቅዳዎች ስፋታቸው ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ነው። የልብ ደም ቅዳዎች ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ናቸው። ስብና ኮሌስትሮል ቧንቧ መዝጋት ሲጀምር የሚያጠቃው ሁሉንም ነው፣ ግን ቀድሞ የሚታወቀው ጠባቡ ላይ ነው። ስለዚህ ብዙ ወንዶች ላይ የብልቱ ችግር ከልብ ሕመም ሁለት፣ ሦስት፣ አንዳንዴም አምስት ዓመት ቀድሞ ይመጣል። አፍሮ ሐኪም ቤት ያልሄደ ሰው የደበቀው የአልጋውን ጉዳይ ብቻ መስሎት ይሆናል፤ የልቡን ማስጠንቀቂያም አብሮ ደብቋል።

ስኳር ደግሞ ደም ሥሩንም ነርቩንም ባንዴ ነው የሚጎዳው። ስኳር ያለበት ወንድ ይሄ ችግር የሚገጥመው ከሌላው በሦስት እጥፍ ያህል ነው፣ ዕድሜውም ሳይገፋ። አንዳንዱ ስኳር እንዳለበት ያወቀው በዚህ ምክንያት ሄዶ ነው። ሲጋራ ደም ሥር ያኮማትራል። መጠጥ መጀመሪያ ድፍረት ይሰጥና ኋላ ጉድ ይሠራል። ማንኮራፋትና በእንቅልፍ ልብ ትንፋሽ መቋረጥም እንቅልፉን ሰባብሮ የወንድ ሆርሞኑን ያወርዳል። አንዳንድ የደም ግፊት መድኃኒቶችና ብዙዎቹ የድብርት መድኃኒቶች ፍላጎትን ወይ መቆምን ወይ መጨረስን ያውካሉ። ይሄን ሲሰማ መድኃኒቱን በራሱ ጊዜ የሚያቆም አለ፤ እባክህ እንዳታደርገው። ደም ግፊቱም ራሱ ደም ሥር ያበላሻል። ሐኪሙ የሚቀይርልህ ሌላ ዓይነት ብዙ ጊዜ አለ፣ መጠየቅ ብቻ ነው።

ስንት ሰው ነው ይሄ የሚገጥመው? አሜሪካ ማሳቹሴትስ ውስጥ ከ1987 እስከ 1989 ዕድሜያቸው ከ40 እስከ 70 የሆኑ ወንዶች ተጠይቀው 52 በመቶዎቹ ከትንሽ እስከ ትልቅ እንዲህ ያለ ችግር ነበረባቸው። ከሁለት አንዱ ማለት ነው። ሙሉ በሙሉ እምቢ ያላቸው 10 በመቶ ያህል ነበሩ። አራት ጓደኛሞች ቁጭ ብለው ስለዚህ ጉዳይ ሲፎክሩ ብታይ ሒሳቡን አስታውስ።

አሁን ወደ ክኒኑ። ሲልደናፊል፣ በመጀመሪያው የንግድ ስሙ ቫያግራ፣ መጀመሪያ የተሞከረው ለልብ ሕመም ነበር፤ ለደረት ውጋት። ለዚያ ያን ያህል አልሆነም፣ የተሞከረባቸው ወንዶች ግን ሌላ ነገር ማውራት ጀመሩ፣ ቀሪው ታሪክ ነው። በ1998 አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ። አሠራሩ ቅድም ያየነው ላይ ነው የሚገባው። ሲጂኤምፒን የሚያፈርስ ኢንዛይም አለ፣ ክኒኑ ያንን ኢንዛይም ይይዘዋል። ስለዚህ ጡንቻው ላልቶ ይቆያል። ግን ሲጂኤምፒው መጀመሪያ መኖር አለበት፣ እሱ ደግሞ የሚመጣው ከስሜት ነው። ክኒኑ ስሜት አይፈጥርም። እንደ ራስ ምታት መድኃኒት ውጦ ቁጭ ብሎ «እስኪ ይነሳ እንደሆነ» እያለ የሚጠብቅ ሰው ምንም ላያገኝ ይችላል፣ ከዚያ «እኔ ላይ አይሠራም» ብሎ ይደመድማል። ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ቀድሞ ይወሰዳል፣ ቅባት የበዛበት ምግብ በልተህበት ከሆነ ይዘገያል፣ ለአራት ሰዓት ያህል ይረዳል። ታዳላፊል የሚባለው እስከ 36 ሰዓት ይቆያል። 36 ሰዓት ይቆማል ማለት ግን አይደለም፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ስሜት ከመጣ ያግዛል ማለት ነው።

አንድ ነገር ላይ ግን ቀልድ የለም። ናይትሬት የሚባሉትን የልብ መድኃኒቶች፣ ከምላስ ሥር የሚደረገውን ናይትሮግሊሰሪንን ጨምሮ፣ የሚወስድ ሰው እነዚህን ክኒኖች መንካት የለበትም። ሁለቱ ሲገናኙ ደም ግፊት ድንገት ይወርዳል፣ ሰው ሊሞት ይችላል። ለዚህ ነው ከጓደኛ ኪስ የወጣ ክኒን የማልወደው፤ ጓደኛህ የአንተን የልብ መድኃኒት አያውቅም። ብልት አልተኛ ብሎ ከአራት ሰዓት በላይ ከቆመም ድንገተኛ ክፍል ነው የሚኬደው፣ እፍረቱ ለሌላ ቀን ይቆይ። «ከተፈጥሮ ቅጠል የተሠራ፣ ጉልበት የሚጨምር» እየተባለ የሚሸጠውን ዱቄትና ማርም እንዲሁ ተጠንቀቅ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ እንዲህ ያሉትን ደጋግሞ መርምሮ ውስጣቸው ስሙ ያልተጻፈ ሲልደናፊል አግኝቶባቸዋል። ቅጠሉ ሠራልኝ የሚለው ሰው የዋጠው ያው ክኒኑን ነው፣ ምን ያህል እንደሆነ ሳያውቅ።

የወንድ ሆርሞን የሚባለው ቴስቶስትሮንስ? ሁሉንም በእሱ ማሳበብ ፋሽን ሆኗል። ቴስቶስትሮን ከመቆም ይልቅ ከፍላጎት ጋር ነው ቁርኝቱ። ከአርባ በኋላ በዓመት አንድ በመቶ ያህል ይቀንሳል፣ ይሄ ብቻውን ሰው አይጥልም። መለካት ካለበት ጠዋት ነው፣ ከፍ የሚለው ያኔ ስለሆነ፣ ያውም በተለያየ ቀን ሁለት ጊዜ። በእውነት ዝቅ ብሎ ከተገኘ ሕክምና አለው። ሳይለካ በመርፌ የሚወጋ ሰው ግን አንድ ነገር ማወቅ አለበት፤ ከውጪ ሲገባ ሰውነት የራሱን ማምረት ያቆማል፣ የወንድ ዘር መመረቱም አብሮ ይቆማል። ልጅ የሚፈልግ ሰው ልጅ የሚያሳጣውን መርፌ ከፍሎ ይወጋል ማለት ነው።

ቶሎ መጨረስ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው፣ ብዙ ጊዜ ከዚህ ጋር ይምታታል። እዚህ ላይ ትልቁ በሽታ የተሳሳተ መለኪያ ይመስለኛል። ወንዱ ግማሽ ሰዓት ነው ብሎ ያስባል፣ ከየት እንዳመጣው የታወቀ ነው፣ ተቆራርጦ ከተሰፋ ፊልም ነው። በ2005 የወጣ ጥናት በአምስት አገር ለሚኖሩ 500 ያህል ጥንዶች የሰዓት መቁጠሪያ ሰጥቶ (ተጫኝዋ ሴቲቱ ነበረች!) መሃል ላይ ያለው ሰው የቆየው 5 ደቂቃ ከ24 ሰከንድ ያህል ሆኖ ተገኘ። ከግማሹ ወንድ በላይ ስድስት ደቂቃ አይሞላም ማለት ነው። ሐኪሞች ከመጀመሪያው ግንኙነት ጀምሮ የነበረ ችግር ነው የሚሉት ሁልጊዜ ከአንድ ደቂቃ አካባቢ የማያልፈውንና ሰውየውም የሚጨነቅበትን ነው። ለእሱ መላ አለው። ጀምስ ሲማንስ የሚባል ሐኪም በ1956 ያቀረበው ዘዴ እስከዛሬ ይሠራበታል፦ ሊመጣ ሲል ማቆም፣ ጋብ ሲል እንደገና መጀመር፣ ሰውነት ያንን ወሰን እስኪለምደው። የሚያደነዝዝ ቅባትና መጨረስን የሚያዘገይ ክኒንም ሐኪም ያዛል። በጎደለው ደቂቃ ፋንታ እጅና አፍ እንዳለ የሚረሳ ሰው ደግሞ ምን ይባላል።

ብልት እየቆመ የመጣመም፣ የማበጥና የማመም ነገር ካለም፣ ሽፋኑ ላይ ጠባሳ ተፈጥሮ ሊሆን ስለሚችል፣ ዩሮሎጂስት ጋ ሂድ። ቶሎ ሲታይ ይሻላል።

ወደ ሁለቱ ሰዎቻችን ልመለስ። ረጅም ትዳር ውስጥ አንድ ማንም የማይነግራቸው ለውጥ አለ። ሃያ ምናምን ዓመቱ ላይ ያለ ወንድ ማየት ብቻ ይበቃዋል። ልብሷን ስትቀይር አይቶ ያበቃል። ሃምሳ አካባቢ ሲደርስ ማየት ብቻ አይበቃም፣ መነካት ያስፈልገዋል፣ በቀጥታ፣ ረዘም ላለ ጊዜ። አንዴ ከጨረሰ በኋላ እንደገና ለመነሳትም ድሮ ደቂቃ የፈጀው አሁን ሰዓታት ወይ አንድ ቀን ይፈጃል። ይሄ በሽታ አይደለም። ሚስት ግን የለመደችው ያንን የድሮውን ነው። «ድሮ ሲያየኝ ብቻ…» ብላ ታስባለች፣ ከዚያ መስታወት ፊት ትቆማለች። እህቴ፣ መልክሽ ላይ አታሳቢው። የእሱ ሰውነት ነው የተለወጠው። እጅሽ ግን አሁንም ይሠራል፣ እንዲያውም ከድሮው የበለጠ የሚፈለገው አሁን ነው። እሱም ይሄን ካላወቀ መነካት መፈለጉን እንደ ውርደት ይቆጥረዋል፣ «ድሮ ሳትነካኝ ነበር» እያለ።

ሌላው ፍላጎት ራሱ ነው። ሁላችንም የምናውቀው ታሪክ መጀመሪያ ፍላጎት ይመጣል፣ ከዚያ መነካካት ይከተላል የሚለው ነው። ሮዝሜሪ ባሶን የምትባል የካናዳ ሐኪም በ2000 ይሄን ገለበጠችው። ብዙ ዓመት አብሮ ለኖረ ሰው ፍላጎት አብዛኛውን ጊዜ ኋላ ነው የሚመጣው አለች፤ ሰውየው ቀዝቃዛ ሆኖ ይጀምራል፣ መቀራረቡ ደስ ሲለው ሰውነቱ ይነቃል፣ ፍላጎቱ ያኔ ይደርሳል። የጻፈችው ስለ ሴቶች ነበር፣ ግን ዕድሜው የገፋ፣ ሥራ የበዛበት፣ ጭንቅላቱ የሞላ ወንድም እዚያው ውስጥ ራሱን ያገኛል። «ስሜቱ ከመጣ» ብለው ቁጭ የሚሉ ባልና ሚስት የማይመጣ አውቶብስ የሚጠብቁ ናቸው፤ ፌርማታው ሌላ ቦታ ነው።

እሷ ጋም የሚለወጥ ነገር እንዳለ አትርሳ። ከወር አበባ መቋረጥ በኋላ መድረቅና ሕመም ይመጣል። እያመማት «ዛሬ ይለፈኝ» ስትል አንተ «ፊት ነሳችኝ» ትላለህ። በመጠጋት ፋንታ ሁለት ፍርሃት አንድ አልጋ ላይ ጀርባ ለጀርባ ይተኛል። ማለስለሻ ቅባት ከፋርማሲ መግዛት አንድ ነገር ነው፣ ሐኪም የሚያዝላት የኤስትሮጅን (የሴት ሆርሞን) ቅባትም አለ።

ለፍርሃቱ የተገኘው መድኃኒት ደግሞ ደስ የሚል ነው፣ መከልከል ነው። ማስተርስና ጆንሰን የጀመሩት ይሄንን ነው፣ እስከዛሬም የወሲብ ቴራፒ የጀርባ አጥንት ነው። ለጥቂት ሳምንት ግንኙነት ማድረግ ክልክል ይባላል። ቢቆምም ክልክል ነው፣ ቢያምርህም ክልክል ነው። መጀመሪያ ላይ ጡትና ብልት ሳይነካ ሌላው ገላ ብቻ ይነካል፣ ተራ በተራ፣ አንዱ ሲነካ ሌላው ዝም ብሎ ይቀበላል፣ ቀዝቃዛም ቢሆን ሞቃትም ቢሆን የሚሰማውን ብቻ እያዳመጠ። ከቀናት በኋላ ጡትና ብልትም ይጨመራል፣ ክልከላው ግን እንዳለ ነው። ከዚያ በጣም ቀስ ተብሎ ወደ ግንኙነቱ። ለምን እንደሚሠራ አሁን ለእናንተ ግልጽ ነው። ፈተናው ተሰርዟል፣ ዳኛው ጣራው ላይ የሚያየው ነገር የለም፣ አድሬናሊን ምን ሊሠራ ይመጣል? ብዙ ጥንዶች ክልከላውን ቀድመው ሲጥሱት ቴራፒስቱ ይቆጣል፣ በሆዱ ግን ይስቃል።

ስንት ጊዜ ነው ጤናማ የሚባለው የሚል ጥያቄ ሁሌ ይመጣል። በ2015 የወጣ፣ የ30 ሺህ ሰው መረጃ ያየ ጥናት አለ። በሳምንት አንድ ጊዜ ያህል የሚያደርጉ ጥንዶች ከዚያ ያነሰ ከሚያደርጉት ይልቅ ደስተኛ ነበሩ፣ ከዚያ በላይ መጨመር ግን ደስታውን አልጨመረም። ሕግ አድርጋችሁ አትያዙት። በየቀኑ ካልሆነ ብሎ ራሱን ለሚያስጨንቅ ሰው ግን ቁጥሩ ትንፋሽ ይሰጣል።

ራስህ የምታደርገው? በሳምንት 160 ደቂቃ ያህል ልብን የሚያሠራ እንቅስቃሴ፣ ፈጠን ያለ እርምጃም ይሆናል፣ ለስድስት ወር። ይሄ ደም ሥር ላይ ችግር ባለባቸው ወንዶች ላይ ለውጥ እንደሚያመጣ ጥናቶች ሲገመገሙ ታይቷል። ሽንት መሃል ላይ ለማቋረጥ የምትጠቀምበት ጡንቻ አለ አይደል፣ እሱን በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ጨብጦ መልቀቅም ይረዳል። (ይሄኛው መጨበጥ ያለበት ነው፣ ከስፖንጁ ጡንቻ ጋር እንዳይምታታባችሁ።) ሲጋራውን ስለመተው ምንም አልልም፣ ታውቀዋለህ።

ማውራቱ ነው ከባዱ። አልጋ ላይ አይወራም፣ ካልሆነው ነገር በኋላ ወዲያው ደግሞ ጭራሽ አይወራም። መንገድ ላይ ጎን ለጎን ስትሄዱ፣ ዓይን ለዓይን ሳትተያዩ፣ ይቀላል። እሱ ከሚለው ሁሉ የሚበልጠው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ «ስሚ፣ ያ ነገር ካንቺ አይደለም፣ እኔ ፈርቼ ነው የሸሸሁሽ።» ይሄን በአፉ ማለት አለበት። ታውቀዋለች ብሎ መተው አይቻልም፣ አታውቀውም፣ እሷ እስካሁን የምታውቀው ሳሎን ማምሸትህን ነው። እሷ ደግሞ «ምን ሆነህ ነው?» ከማለት «እኔ የናፈቀኝ አንተ ነህ፣ አቅፈኸኝ ብትተኛም ይበቃኛል» ብትል ስንት ቀበቶ ይፈታል። መሳሳሙን ከዚያ ነገር መለየት ነው ዋናው። የማያስገድድ መሳሳም ወደ ቤቱ ሲመለስ ሌላውም በራሱ ጊዜ ይከተላል፣ ባይከተልም ቤቱ ሞቋል።

ሐኪም ጋ ስትሄድ ሁለታችሁ ብትሄዱ ጥሩ ነው፣ ብዙ ጊዜ እሱ የረሳውን እሷ ታስታውሳለች። የምትወስዳቸውን መድኃኒቶች ስም ጽፈህ ያዝ። ደም ግፊት፣ ስኳር፣ ኮሌስትሮል፣ የጠዋት ቴስቶስትሮን ይታያሉ፤ አስፈሪ ነገር የለውም፣ አንድ ብልቃጥ ደም ነው። ወንዶች የሚሠሩትን ስህተት ብቻ አትሥራ። ለወገብ ሕመም ብለው ይገባሉ፣ ወገባቸው ይታያል፣ ማዘዣ ይጻፍላቸዋል፣ አመስግነው ይነሳሉ፣ የበሩን እጀታ ይዘው «ዶክተር፣ አንድ ሌላ ነገር ነበረኝ…» ይላሉ። ቁጭ እንዳልክ ቀድመህ ተናገረው። ሐኪሙ ሃያ ጊዜ ሰምቶታል፣ ቅንድቡ እንኳ አይነሳም፣ ብዕሩን አንስቶ የሚጠይቅህ ያንኑ ነው፤ «ጠዋት ጠዋትስ?»